የማሰርና የመፍታት ሥልጣን፦ ማኅበራዊ መገናኛዎች ከማን ጋር እንደሚገናኙ ማን ይወስናል?

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የወለጋን ደጋ ተሰናብቶ፣ ባምባሲን አልፎ አሶሳ የሚገባ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያስተውለው ከተማይቱን ያለበሷትን የማንጎ ዛፎች ሲሆን፣ ወደ ገበያው ብቅ ሲል ደግሞ የልሳኑ ብዛት ያስደንቀዋል። አንዲት ሴት በሩጣንኛ የጀመረችውን የዋጋ ክርክር በዐረብኛ ትፈጽመዋለች፤ ቤተሰቦቹ በ1970ዎቹ በሠፈራ ከወሎ የመጡ ጐልማሳ በዐማርኛ ይመልስላታል፤ ከቤጊ በኩል የመጣው ነጋዴ በኦሮምኛ ይጣራል፤ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በኩርሙክ የገባው ስደተኛም የድንበር ማዶውን ዐረብኛ ይዞ በመካከላቸው ይዘዋወራል። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ዕቃ ቢኖር፣ በገበያው ዳር በተደረደሩት ጠባብ ሱቆች ውስጥ ካርድ የሚሞላበት፣ ዘፈን የሚጫንበት፣ የተሰነጠቀ መስተዋቱም የሚለወጥለት የእጅ ስልክ ነው።

ስልኩ ሲከፈት ግን ያ ሁሉ ብዛት በጥቂት በሮች በኩል ብቻ እንዲያልፍ ይገደዳል። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፤ ከእነዚህ ውጭ ያለው የበይነ መረብ ዓለም ለብዙው ተጠቃሚ እንደሌለ ይቈጠራል። የአሶሳው ወጣት የማን ቃል በፊቱ እንደሚቀርብለት፣ የማን ቃልም እንደሚሰወርበት የሚቈርጡት ሰዎች በካሊፎርኒያ፣ በዱባይ ወይም በሲንጋፖር ተቀምጠው ሲሆን፣ እርሱ ውሳኔያቸውን ይቀበላል እንጂ ምክንያቱን የሚጠይቅበት ሸንጎ የለውም።

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ማኅበራዊ መገናኛ እየተስፋፋ መጥቷል። በእርሱ ዘንድ የሁሉ ባለቤት የሆነ አንድ ኩባንያ የለም፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ትንንሽ ቤቶች እያንዳንዳቸው ሕጋቸውን አውጥተው፣ አባሎቻቸውን ተቀብለው፣ ከሌላው ቤት ጋር በፈቃዳቸው ይገናኛሉ፤ ሲከፋቸውም በፈቃዳቸው ይለያያሉ። እነዚህ ቤቶች ደጃቸውን ለማን እንደሚከፍቱና በማን ላይ እንደሚዘጉ በምን ሚዛን ይፈርዳሉ? ጥያቄው የሩቅ አገር ሰዎች ክርክር ይመስላል፤ ነገር ግን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በቅርብ ዓመታት ያየው መከራ ለዚህ አገር ሰውም ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ያስረዳል።

አይሲድ

የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ፣ አይሲድ በተባለው ቀበሌ ሰዎች ተገደሉ፤ ሬሳቸውም ተቃጠለ፤ አንድ ሰው ደግሞ ነፍሱ ሳትወጣ እሳት ውስጥ ተጣለ። ይህን ግፍ ሕዝብ ያወቀው በስልክ የተቀረጸ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከቀናት በኋላ በማኅበራዊ መገናኛ በተሠራጨ ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ድርጊቱን አውግዞ አጥፊዎቹ ለሕግ እንደሚቀርቡ ገለጸ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ምርመራ አድርጎ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች አባላት በድርጊቱ እንደነበሩበት አስታወቀ።

እንግዲህ ያንን ሥዕል በአንድ መገናኛ ላይ እንዲፈርድበት የተሾመ ሰው ምን ያድርግ? ቢያስወግደው ያለ እርሱ ከቶ ባልታወቀ ወንጀል ላይ ምስክር የሆነውን ማስረጃ ያጠፋል፤ ቢተወው ደግሞ የሟቹ ወገን ሲያየው ለበቀል ይነሣሣል፣ የገዳይ ወገንም ሲመካበት ይታያል። በዚህ ነገር ላይ በቅን ለመፍረድ በሥዕሉ ውስጥ የሚሰማውን ልሳን ማወቅ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን አስተያየት ዛቻ ይሁን ልቅሶ መለየት፣ በመተከል ማን ከማን ጋር በምን ምክንያት እንደ ተጣላ መረዳት ያስፈልጋል።

የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው መግለጫ በአራት የአገራችን ቋንቋዎች፣ ማለትም በዐማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚመረምሩ ሠራተኞች እንዳሉት ተናገረ። አራቱም የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ልሳኖች በመሆናቸው መመረጣቸው የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚጠራቸው አምስቱ ብሔረሰቦች፣ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ፣ ከመካከላቸው የአንዱ እንኳ ልሳን በዚያ መዝገብ ውስጥ አልነበረም።

ቋንቋው በታወቀበት ስፍራም ቢሆን ፍርዱ ሲዋልል ታይቷል። በዚያው ዓመት ስለ ራያ ቆቦ በዐማርኛ የተጻፈ፣ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ሲቪሎችን በግፍ ተባባሪነት የሚከስ ጽሑፍ ኩባንያው አስቀድሞ አነሣው፤ የጸሐፊው ይግባኝ ወደ ኩባንያው ተቈጣጣሪ ቦርድ ደርሶ ቦርዱ ጉዳዩን ለምርመራ ሲመርጠው ኩባንያው መለሰው፤ ቦርዱ ግን በዲሴምበር 2021 የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክል ነበር ብሎ እንደ ገና እንዲነሣ አዘዘ። ከሁሉ የከበደው ክስ ግን ናይሮቢ ላይ ቀረበ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸው በክፉ ከተነሣ በኋላ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለመመልከት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ስለ አባቱ ደም አቤት የሚልበትን ደጅ ለማግኘት ድንበር መሻገሩ፣ በብቸኛ ባለቤት የተያዘ መገናኛ ከሚያገለግለው ሕዝብ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያል።

ብዙ ቤት

በብዙ ትንንሽ ቤቶች የሚሠራው ሁለተኛው ሥርዓት በሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በሆነች ጊዜ የተቀበለችው ሕግ ይኸው ነበር፦ እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ፖስታ ቤት ያስተዳድራል፣ የራሱን ቴምብር ያትማል፣ ከሌላው መንግሥት የመጣውን ደብዳቤ ግን ተቀብሎ ለባለቤቱ ያደርሳል። ኢሜይልም እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት በመሆኑ፣ የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ኩባንያ ደንበኛ ሲጽፍ ማንም አይደነቅም።

ይህንኑ ሥርዓት ወደ ማኅበራዊ መገናኛ ያመጣው አክቲቪቲፐብ የተባለው የመነጋገሪያ ደንብ ሲሆን፣ የድረ ገጽን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የሚያወጣው ጉባኤ ጥር 15 ቀን 2010 ዓ.ም. አጽድቆታል። በዚህ ደንብ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች እጅግ የታወቀው ማስቶዶን ነው፤ እርሱንም ኦይገን ሮኽኮ የተባለ ወጣት በጀርመን አገር ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አቀረበው። ፕሮግራሙ ነጻ ስለ ሆነ፣ ኮምፒውተርና መጠነኛ ዕውቀት ያለው ሰው ወይም ማኅበር ሁሉ የራሱን ቤት ሊከፍት ይችላል። ቤቱ በቴክኒክ ቋንቋ ሰርቨር ይባላል፤ ቤቶቹ በአንድነት የሚሠሩት ሰፊው መንደር ደግሞ ፌዲቨርስ ይባላል።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሰርቨር አሶሳ ላይ፣ ሌላ ሰርቨር ግልገል በለስ ላይ ተተክሏል እንበል። የአሶሳው አባል በግልገል በለስ ያለችውን መምህርት ለመከተል ሲፈልግ የእርሱ ሰርቨር ወደ እርሷ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መምህርቲቱ የምትጽፈው ሁሉ በግልባጭ ወደ አሶሳ ይደርሳል። ሁለቱ አስተዳዳሪዎች አስቀድመው ውል መፈራረም አላስፈለጋቸውም፤ ሥርዓቱ ከጥንቱ የተሠራው ደጁ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ነውና። መዝጋት የሚመጣው ዘግይቶ፣ ነገር ሲበላሽ ነው። ይህን ተገላቢጦሽ አድርገው በመዝገብ ከተጻፉት ቤቶች በቀር ማንንም የማያስገቡ ሰርቨሮችም አሉ፤ እነዚህ ግን ጥቂቶች ናቸው።

የማስቶዶን አስተዳዳሪ ሌላውን ቤት ለመዝጋት ሲነሣ የሚከፍተው ገጽ ከሚያስከትለው ነገር ክብደት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው። ከላይ የዚያ ሰርቨር አድራሻ የሚጻፍበት መስመር ይገኛል፤ ከሥሩ የቅጣቱ ደረጃ ይመረጣል። ቀላሉ ደረጃ መገደብ ነው፤ የዚያ ቤት ሰዎች ጽሑፍ ከአደባባይ ይሰወራል፣ አስቀድመው ይከተሏቸው የነበሩት ብቻ ያዩታል። ከባዱ ደረጃ ማገድ ነው፤ ከዚያ ቤት ምንም አይገባም፣ ገብቶ የነበረውም ይደመሰሳል፣ በሁለቱ ቤቶች አባላት መካከል የነበረው መከታተል ሁሉ ይቈረጣል፣ እግዱ ኋላ ቢነሣም የተቈረጠው በራሱ አይመለስም። ከዚህ ሌላ ሥዕልና ድምፅ ብቻ እንዳይገባ ለማድረግ፣ ከዚያ ቤት የሚላከውን ክስም ላለመቀበል ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ። በግርጌ ደግሞ ሁለት የጽሕፈት ቦታዎች ተሰናድተዋል፤ አንደኛው ለአስተዳዳሪዎች ብቻ የሚቀር ማስታወሻ፣ ሁለተኛው ለሕዝብ የሚገለጽ ምክንያት ይጻፍባቸዋል። ሁለቱንም ባዶ ትቶ ማገድም ይቻላል፤ የሥርዓቱ ፈተና ሁሉ በዚያ ባዶ መስመር ላይ ይገኛል።

ሦስት ምክንያቶች

አስተዳዳሪዎች ሌላውን ቤት ለመዝጋት የሚሰጧቸው ምክንያቶች ብዙ ቢመስሉም በሦስት ወገን ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ክፋትን መከላከል ነው። በአሜሪካ ጋብ የተባለው መገናኛ የዘር ጥላቻ መናኸሪያ ሆኖ ነበር፤ በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. በፒትስበርግ ምኩራብ 11 ሰዎችን የገደለው ሰውም ዛቻውን የጻፈው በዚያ ላይ ነው። ጋብ በ2019 እ.ኤ.አ. ክረምት የማስቶዶንን ፕሮግራም ወስዶ ወደዚህ ሰፊ መንደር ሲገባ፣ ፕሮግራሙ ነጻ ስለ ነበረ የሚከለክለው አልተገኘም። ዳሩ ግን የቤቶቹ አስተዳዳሪዎች ማንም ሳያዛቸው አንዱ ከሌላው እየሰሙ ደጃቸውን ዘጉበት፤ ለስልክ የሚሆኑ መተግበሪያዎችን ከሚሠሩትም አንዳንዶቹ ወደ ጋብ የሚያስገባውን መንገድ ከመተግበሪያቸው አወጡ። ጋብ ሕልውናው አልጠፋም፤ የራሱ ሰዎች ግን ከራሳቸው ጋር ብቻ ሲነጋገሩ ቀሩ። አንድ የበላይ ባለሥልጣን ሳይኖር፣ በብዙ ትንንሽ ፈቃዶች መስማማት ብቻ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ መፈጸሙ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የጉልበት ማነስ ነው። በጁን 2023 ቢሃው የተባለ ትንሽ የውይይት ሰርቨር ከሁለት ታላላቅ ሰርቨሮች ጋር የነበረውን ግንኙነት ቈረጠ። የሰጠው ምክንያት የዚያ ወገን ሰዎች ክፉዎች ናቸው የሚል አልነበረም፤ እነዚያ ቤቶች ማንንም ሳይመረምሩ ስለሚቀበሉ የሚመጣውን ጐርፍ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩት ጥቂት ተቈጣጣሪዎቻችን ሊመለከቱት አልቻሉም የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን የጉዳዩ ሥር እርሱ ነው። እያንዳንዱ የተከፈተ ደጅ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል፤ ጠባቂውም እንጀራ ይበላል። ቤቶቹን በዚህ ሥራ ለመርዳት የተቋቋመው ኢፍታስ የተባለ ድርጅት ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. በገንዘብ እጦት አብዛኛውን አገልግሎቱን ለማቆም ተገድዷል። ሸክሙ ሲከብድም ሌላው ያዘጋጀውን የእግድ ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ አንድ ሰው በችኰላ የጻፈው ስም በመቶ ቤቶች ይታገዳል፣ የታገደውም ቤት ከሳሹን ሳያውቅ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት ታላቁን መፍራት ነው። ሜታ በጁላይ 2023 ትሬድስ የተባለውን መገናኛ ሲከፍትና ከፌዲቨርስ ጋር እንደሚያገናኘው ሲያስታውቅ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ብቻ 100 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበበት። ይህ ዜና በትንንሾቹ ቤቶች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሣ። በመቶዎች የሚቈጠሩ አስተዳዳሪዎች ገና ከመምጣቱ በፊት እንደሚያግዱት በጽሑፍ ቃል ተጋቡ፤ ሮኽኮና የእርሱን ሐሳብ የተከተሉት ግን ደጁ ክፍት ይሁን፣ አባሉ ራሱ ይምረጥ አሉ። የሚፈሩት ሰዎች ማስረጃ አድርገው የሚያነሡት የጉግልን ታሪክ ነበር፦ ጉግል ቶክ በ2006 እ.ኤ.አ. ኤክስኤምፒፒ ለተባለው ክፍት የመልእክት ሥርዓት ደጁን ከፍቶ ብዙ ሰው ካሰባሰበ በኋላ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዛወር ለቀሩት ትንንሽ ቤቶች ያንን ደጅ ዘጋባቸው። በጃንዋሪ 2025 ሜታ በአሜሪካ የሐቅ ማጣራት ሥራውን ሲተውና ስለ ጥላቻ ንግግር ያወጣቸውን ገደቦች ሲያላላ ደግሞ፣ እስከዚያ ድረስ ሲያመነቱ ከነበሩት ቤቶች ጥቂቶቹ ከትሬድስ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ቈረጡ።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ማን ነው? በብዙው ቤት አስተዳዳሪው ብቻውን ይወስናል፤ የኮምፒውተሩን ኪራይ የሚከፍለው እርሱ ነውና የሚቈጣው የለም፤ አባሉ ካልተስማማ ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። አንዳንድ ቤቶች ግን በኅብረት ሥራ ማኅበር መልክ ተቋቁመዋል። ሶሻል ዶት ኮፕ የተባለው ሰርቨር አባላቱ እንደ ዐቅማቸው የሚያዋጡበት፣ ደንቡንና ከባድ እግዶችን በውይይትና በድምፅ የሚቈርጡበት ቤት ነው። ይህ መንገድ ዘገምተኛ ነው፤ ሆኖም የተቈረጠበት ምክንያት በመዝገብ ተጽፎ ስለሚቀር ዛሬ የተፈረደውን ነገ እንደ ገና ለመመርመር ያስችላል።

ውግዘትና ዕርቅ

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሥርዓት ሲያስበው ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር ማስተያየቱ አይቀርም። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው በተሾሙ ጊዜ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራስዋን የቻለች ሆነች፤ ከእስክንድርያ ጋር ያላት የሃይማኖት አንድነት ግን አልተቈረጠም። በጥር 1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የእስክንድርያ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ፣ በመካከላቸው ሁሉን የሚያዝዝ የበላይ አልነበረም፤ እያንዳንዷ በራስዋ ሲኖዶስ ትተዳደራለች፣ እኅቷን በሱታፌ ትቀበላለች፣ ከሥርዓት የወጣውንም በውግዘት ትለያለች። እንግዲህ መለየት ራሱ ከሥርዓት ውጭ የሆነ ነገር አይደለም፤ ለመለየት ግን ቀኖና ያስፈልገዋል።

ይህ ቀኖና ምን እንደ ሆነ የ2015 ዓ.ም. ሁኔታ ሁለት ዓይነት መዝጋትን ጐን ለጐን አቁሞ አሳይቶናል። ጥር 14 ቀን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በወሊሶ አቅራቢያ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾምን አሉ። ቅዱስ ሲኖዶስ ተሰብስቦ ጥር 18 ቀን ውግዘት አወጣ፤ የተወገዙትን በስም ጠራ፣ የተጣሰውን ቀኖና አመለከተ፣ ተጸጽቶ ለሚመለስም ደጁ ክፍት መሆኑን ገለጸ። ክርክሩ ከብዶ ደም እስከ መፍሰስ ቢደርስም የካቲት 8 ቀን ዕርቅ ታወጀ። የበይነ መረቡ መዘጋት ግን ሌላ መንገድ ሄደ። የካቲት 2 ቀን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተዘጉ፤ የተዘጉበት ምክንያት ለሕዝብ በቅጡ አልተገለጸም፣ የሚከፈቱበትም ቀን አልተነገረም። የተጣሉት ከታረቁ በኋላ መገናኛዎቹ ሌላ አምስት ወር ተዘግተው ቈዩ፤ የተከፈቱት ሐምሌ 10 ቀን ነበር። በዚያ ጊዜ ስለ ቤተ ክርስቲያን ክርክር ምንም የማያውቀው የአሶሳ ነጋዴም ዕቃውን የሚያስተዋውቅበትን ቴሌግራም አጣ፤ ዐቅሙና ዕውቀቱ ያለው ወጣት ቪፒኤን የተባለውን የእግድ መሻገሪያ ጭኖ በጓሮ ሲወጣ፣ የሌለው በዝምታ ተቀመጠ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጭካኔ ወይም የርኅራኄ ልዩነት አልነበረም፤ የሲኖዶሱ ቃል ከመንግሥቱ እግድ ይልቅ ብርቱ ነበር። ነገር ግን ውግዘቱ የሚለየውን በስም ይጠራል፣ ምክንያቱን ይገልጻል፣ የመመለሻውንም መንገድ ያሳያል። እግዱ ሦስቱም አልነበሩትም።

ከአሶሳ ሲታይ

ከማን ጋር መገናኘት እንደሚገባ መምረጥ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሶሳ፣ በሆሞሻና በቤላ ሻንጉል የነበሩት ትንንሽ ሼኾች ከሱዳን ማኅዲስቶች፣ ከእንግሊዝና ከዳግማዊ ምኒልክ መካከል ወዳጅ ሲመርጡና ሲለውጡ ኖረዋል፤ በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር እስኪመጣ ድረስ ወርቃቸውና ንግዳቸው በምን መንገድ እንደሚሄድ የሚወስኑት እነርሱው ነበሩ። ከመካከላቸው ስመ ጥሩው ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰን በአዲስ አበባ ለዓመታት በእስር ከቈዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ገዝተዋል። በታላላቅ ኃይሎች መካከል የሚኖር ትንሽ አገር የግንኙነቱን ጉዳይ በእጁ ለመያዝ ያለው ምኞት ዛሬ አልተጀመረም።

ዛሬ አንድ ሰርቨር አሶሳ ላይ ቢተከል ምን ያተርፋል? ከሁሉ በፊት ፈራጁን ያቀርባል። በ2003 ዓ.ም. በተመሠረተው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሩጣንኛን፣ ጉምዝኛንና ሺናሽኛን ከእናታቸው የተማሩ ወጣቶች ይገኛሉ፤ ዛቻውን ከቀልድ፣ የኀዘን እንጉርጉሮውን ከፉከራ የሚለዩት እነርሱ ናቸው። የአይሲዱን ሥዕል የመሰለ ነገር ቢመጣባቸው፣ ከአደባባይ ሰውረው ለመርማሪው በማስረጃነት እንዲያቈዩት የሚከለክላቸው የካሊፎርኒያ ደንብ የለም። የውጭው መስመር ቢዘጋ እንኳ፣ የአገር ውስጡ መስመር እስከ ሠራ ድረስ ሰርቨሩ ለአሶሳ ሰው ማገልገሉን ሊቀጥል ይችላል።

ዳሩ ግን ይህ ተስፋ ሦስት ጋሬጣዎች አሉበት። ሰርቨሩ የሚቆመው በኤሌክትሪክ፣ በቴሌኮም መስመርና በመንግሥት ፈቃድ ላይ በመሆኑ፣ መስመሩ ከሥሩ ሲቈረጥ ነጻነቱ አብሮ ይቈረጣል። ቢሃውን ያስጨነቀው የጉልበት ማነስ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት በሌለበት ስፍራ ይበልጥ ይጸናል። ከሁለቱ የሚብሰው ሦስተኛው ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት ነዋሪውን ባለቤት የሆኑ ብሔረሰቦችና ሌሎች ሕዝቦች ብሎ ይለያል፤ በመተከል የፈሰሰው ደም ከዚህ መለያየት ጋር ምን ያህል እንደ ተያያዘ የክልሉ ሰው ያውቃል። አንዱ ወገን የራሱን ሰርቨር ተክሎ ሌላውን ሁሉ ቢያግድ፣ ያኛውም እንዲሁ ቢያደርግ፣ በመሬት ላይ ያለው ግንብ በበይነ መረብም ላይ ይሠራል፤ ጐረቤት ስለ ጐረቤቱ የሚሰማው የራሱ ወገን የሚያወራውን ብቻ ይሆናል። ጋብን ለብቻው ያስቀረው መሣሪያና ይህን ጥፋት የሚያመጣው መሣሪያ አንድ ናቸው፤ ያው የአድራሻ መስመርና ያው የቅጣት ደረጃ ነው።

ስለዚህ ያልተማከለው መገናኛ ከተማከለው የሚሻለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ሊጠየቅ በሚችል ሰው እጅ እንዲሆን ዕድል ይሰጣል። ዕድሉን ወደ ፍትሕ የሚለውጠው ግን ሥርዓቱ ብቻውን አይደለም። ደጁን የሚዘጋ ቤት ሁሉ፣ የአንድ ሰው ሰርቨር ቢሆን፣ የአሶሳ ማኅበር ቢሆን፣ ኩባንያ ወይም መንግሥት ቢሆን፣ ማንን እንደ ዘጋ በስም እንዲናገር፣ በምን ምክንያት እንደ ዘጋ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ፣ ወዳጆቹ ለተቈረጡበት አባል እንዲያስታውቅና የተዘጋበት ወገን ምን ቢያደርግ እንደሚከፈትለት እንዲገልጽ ሊጠየቅ ይገባል። ማስቶዶን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው 4.3 በተባለው እትም በእግድ ምክንያት ግንኙነቱ የተቈረጠበት አባል በራሱ ማስታወቂያ እንዲደርሰው አድርጓል፤ ከአራቱ ግዴታዎች አንዱ በፕሮግራም ተጽፎ ተፈጽሟል ማለት ነው። የቀሩት ሦስቱ በፕሮግራም የሚጻፉ ሳይሆኑ በሰዎች ፈቃድ የሚፈጸሙ ናቸው፤ ደንብ ጽፈው ለመነሣት ለሚፈልጉ የአሶሳ ወጣቶችም ከኮምፒውተሩ ግዢ በፊት የሚቀድመው ሥራ ይህ ነው።